«ጥሬ» ያልነው የበሰለ ነበር

ዛሬ የማቀርብላችሁ ጽሑፍ ጠብ ያለበት ነው። ጠቡም ከባዕድ ጋር አይደለም፤ ከሙዚቃ ወዳጆች፣ ከግጥም ወዳጆች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከትናንቱ ከራሴ ጋር ነው። ስለዚህ ሙግቱን በኑዛዜ እጀምራለሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጁን 1995 ዋሽንግተን ላይ ታክሲ እነዳ ነበር። «ግሬትፉል ዴድ» የሚባለው የካሊፎርኒያ የሮክ ባንድ በከተማይቱ አርኤፍኬ ስታዲየም ሁለት ቀን አከታትሎ ይጫወት ስለ ነበር፣ ባለ ብዙ ቀለም ካናቴራ የለበሱ፣ ጸጉራቸውን ያስረዘሙ ሰዎች መንገዱን ሞልተውት ነበር። ከመካከላቸው ዕድሜው ሃምሳን የተጠጋ አንድ ሰው ሌሊት አሳፍሬ ወደ ማረፊያው ወሰድሁት። ከበዓል የተመለሰ ሰው አይመስልም፤ ለቅሶ ደርሶ የተመለሰ ይመስላል። የባንዱ መሪ ጊታር ተጫዋች ጄሪ ጋርሲያ እንደ ደከመ፣ ያን የመሰለ እጅ እንደ ከዳው ሲነግረኝ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። እውነቱን ነበር፤ ጋርሲያ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ኦገስት 9 ቀን አረፈ።

ያ ተሳፋሪ ሲወርድ ከሒሳቡ ጋር አንድ ካሴት ሰጠኝ። በላዩ በብዕር «1969» ከሚል በቀር ምንም አልተጻፈበትም። «ይህን ስማ» አለኝ፤ «ያኔ ጥሬ ነበሩ። ምንም ሳይዘጋጁ መድረክ ላይ ወጡ፤ ሆነ።»

ካሴቱን ሰማሁት። ደግሜ ሰማሁት። ከዚያ ወዲያ ግን ከካሴቱ ይልቅ የገዛችኝ ያቺ «ጥሬ» የምትል ቃል ናት። ዐሥር ዓመት ገዛችኝ። ዛሬ የምሟገተው ከእርሷ ጋር ነው።

*

ባንዱን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ልበል። ግሬትፉል ዴድ በ1965 ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ደቡብ ባሉ ከተሞች አካባቢ፣ መጀመሪያ «ዎርሎክስ» በሚል ስም ተቋቋመ። ጋርሲያ በመሪ ጊታር፣ ቦብ ዊር በአጃቢ ጊታር፣ ፊል ሌሽ በቤዝ ጊታር፣ ቢል ክሮይትስማን በድራም፣ «ፒግፔን» በሚል ቅጽል የታወቀው ሮን ማከርናን በኦርጋን፣ በሃርሞኒካና በድምፅ ነበሩ። በ1967 ሚኪ ሃርት ሁለተኛ ድራመር ሆኖ ገባ፤ በ1968 መጨረሻ ቶም ኮንስታንተን በኪቦርድ ተጨመረ።

ዝናቸው የተሠራው በስቱዲዮ ሸክላ አይደለም፤ በመድረክ ላይ «ጃም» ነው። ጃም ማለት የዘፈኑን አጥንት ከያዙ በኋላ ሥጋውን እዚያው፣ አድማጭ ፊት፣ እርስ በርስ እየተደማመጡ ማልበስ ነው። «ዳርክ ስታር» የተሰኘው ዜማቸው በ1968 በነጠላ ሸክላ ሲወጣ ሦስት ደቂቃ አይሞላም ነበር። በ1969 መድረክ ላይ ሃያ ሦስት ደቂቃ ሄደ። የዜማው መሠረት እጅግ ቀላል ነው፤ ቃል ከመሰማቱ በፊት ብዙ ደቂቃ ያልፋል። ጊታሩና ቤዙ እንደ ሁለት የድሮ ወዳጆች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አንዱ ሲፈጥን ሌላው አያሳድደውም፤ አንዱ ሲቆም ሌላው «ምን ሆንህ?» ብሎ አይጮህም። ኦርጋኑ ከሩቅ ይከተላል፤ ድራሙ ከበስተ ኋላ በስሱ አለ። ያን የሰማ ሰው ዳግመኛ ሙዚቃን እንደ ቀድሞው አይሰማም። ይህን ዛሬም እመሰክራለሁ።

አድናቂዎቹንም አልንቅም። በየከተማው ባንዱን እየተከተሉ፣ ማይክሮፎንና መቅረጫ ተሸክመው የየሌሊቱን ሙዚቃ ያስቀሩ እነርሱ ናቸው። ባንዱም አላባረራቸውም፤ በ1984 ለቀራጮች በአዳራሹ ውስጥ ለብቻ ቦታ ከለለላቸው። በመካከላቸው ካሴት መሸጥ ነውር ነበር፤ ባዶ ካሴት የላከ የተቀዳ ይላክለታል፣ እርሱም ለሌላ ይቀዳል። አንድ ዜማ በዚህ ሌሊት ከዚያ ሌሊት በምን እንደሚለይ የሚያውቅ ጆሮ ያበቀለው ይህ ልማድ ነው። እንዲህ ያለ ፍቅር ለእኛ ደራስያን ቢደረግልን ምን ያህል በታደልን! ጠቤ ከፍቅራቸው ጋር አይደለም፤ ለፍቅራቸው ከሚሰጡት ምክንያት ጋር ነው።

ከእነዚህ አድናቂዎች መካከል የ1968ንና የ1969ን ሌሊቶች ከሁሉ አስበልጠው የሚያመልኩ ወገኖች አሉ። እምነታቸው በሦስት አንቀጽ ይጠቀለላል። አንደኛ፣ አልተዘጋጁም ነበር። ሁለተኛ፣ ያጫወታቸው ዕፁ ነው። ሦስተኛ፣ ያልተነካው ብቻ እውነተኛ ነው። እኔ ሦስቱንም አምኜ አስተምሬአለሁ። ሦስቱም አይቆሙም።

*

«አልተዘጋጁም» ከሚለው እንነሣ።

በ1965 ገና ዎርሎክስ ሳሉ፣ ቤልሞንት በምትባል ከተማ አንድ መጠጥ ቤት ለስድስት ሳምንት ያህል ቀጥሯቸው ነበር፤ በአንድ ሌሊት አምስት ዙር። ዘፈን ማርዘምን የጀመሩት በዚህ ዓይነቱ ሥራ ላይ ነው። ሌሊቱ ረጅም ነው፤ የሚያውቁት ዘፈን ጥቂት ነው፤ ሰሚው ለመጠጡ የመጣ ነው። በዚህ መካከል ጣት ይፈታል፤ ከጣትም ይልቅ ጆሮ ይፈታል። አድናቂው ይህን «ልምምድ» ብሎ አይቆጥረውም፤ እንግዲያስ ልምምድ ማለት ምንድን ነው?

ሌሽን ተመልከቱ። ጋርሲያ ወደ ባንዱ ሲጠራው ቤዝ ጊታር ተጫውቶ አያውቅም ነበር። አድናቂዎች ይህን ሲያወሩ «አያችሁ?» ይላሉ፤ አለማወቅ ነጻ እንዳወጣው። ነገር ግን ያ ሰው ቫዮሊንና ትራምፔት ያጠና፣ በሚልስ ኮሌጅ ከጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ከሉቺያኖ ቤሪዮ ዘንድ የተማረ ነበር። ቤዝን አያውቅም ነበር እንጂ ሙዚቃን ያውቅ ነበር። ጓደኞቹ ጆን ኮልትሬንን እንዲሰሙ የጎተጎተውም እርሱ ነው። ዊርም አጃቢ ጊታሩን ያበጀው የኮልትሬን ፒያኖ ተጫዋች የነበረውን የማኮይ ታይነርን ግራ እጅ በጆሮው እየተከተለ መሆኑን ራሱ ተናግሯል። የሮክ ጊታር ይዞ የጃዝ ፒያኖ ግራ እጅን የሚከተል ወጣት «ያልተዘጋጀ» አይባልም።

በ1968 መጀመሪያ ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ፖትሬሮ በሚባል አሮጌ ቲያትር ቤት ተዘግተው ያጠኑ ነበር። ካጠኑት አንዱ «ዘ ኢለቨን» ነው፤ ስሙ «አሥራ አንድ» ማለት ነው፣ ምቱም በአሥራ አንድ ይቆጠራል። የእኛ ጆሮ በጭቅጭቃ ስድስት ምት ያደገ ነው፤ የእነርሱ በአራት ምት ያደገ ነው። አሥራ አንድ የማንም የእናት ወተት አይደለም። ሁለት ድራመሮች፣ ሁለት ጊታሮች፣ ቤዝና ኦርጋን በአሥራ አንድ ምት ተያይዘው ሳይወድቁ ይሮጡ ዘንድ፣ አስቀድሞ ማንም የማይሰማው ብዙ ውድቀት ያስፈልጋል። አሥራ አንድ በስሜት አይቆጠርም፤ በጥናት ነው የሚቆጠር።

በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ አድናቂዎች ማንሣት የማይወዱት ነገር ሆነ። ዊርና ፒግፔን ሙዚቃው ከሄደበት አልደረሱም ተብለው በስብሰባ ተወቀሱ፤ ከባንዱ ለመሰናበትም ተቃረቡ። ኦክቶበር ላይ የቀሩት ጓደኞቻቸው ያለ እነርሱ፣ በሌላ ስም፣ በአንዲት ትንሽ ክበብ ተጫወቱ። በስብሰባው ጊዜ ዊር የሃያ ዓመት ልጅ ነበር። እስቲ አስቡት! ነጻ ነው፣ ልቅ ነው፣ የሆነው ይሁን ባይ ነው የምንለው ባንድ፣ ሁለት ባልንጀሮቹን «አልደረሳችሁም» ብሎ ደጅ ሊያቆም ደርሶ ነበር። ሁለቱም አልቀሩም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ በተቀረጸው በዚያ እኛ በምናመልከው ሙዚቃ ውስጥ አሉ። ስንሰማቸው ግን ያን ወቀሳ አንሰማም።

ከዚያም የፌብሩዋሪና የማርች 1969 አራት ሌሊቶች አሉ። ከፌብሩዋሪ 27 እስከ ማርች 2 ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው «ፊልሞር ዌስት» አዳራሽ የተጫወቱት በሙሉ በ2005 በዐሥር ሲዲ ታትሞ ወጣ። ከአንድ ወዳጄ ተውሼ ከመጀመሪያው ሌሊት እስከ መጨረሻው በተራ ሰማሁት። ያገኘሁትም ይህን ነው፦ በአራቱም ሌሊቶች «ዳርክ ስታር»፣ ከእርሱ ቀጥሎ «ሴይንት ስቲቨን»፣ ከእርሱ ቀጥሎ «ዘ ኢለቨን»። ተራው አልተለወጠም። የተለወጠው በተራው ውስጥ ያለው ነው። በር፣ መስኮት፣ ማገር ያው ነው፤ በየሌሊቱ የሚገባው እንግዳ ግን ሌላ ነው። ቤቱ ስለ ታነጸ ነው እንግዳው የሚገባበት ያገኘው።

*

ሁለተኛው አንቀጽ የዕፅ ነው። ኤልኤስዲ የተባለው ዕፅ በካሊፎርኒያ በሕግ የተከለከለው በኦክቶበር 1966 ነው፤ ከዚያ በፊት ደራሲው ኬን ኬሲ በሚያዘጋጃቸው ድግሶች ላይ ባንዱ ይጫወት ነበር። በእነዚያ ድግሶች የመጫወት ግዴታ አልነበረባቸውም፤ ሲፈልጉ ጥቂት ደቂቃ ተጫውተው ይተዉት ነበር። ይህ ከፍርሃት ነጻ እንዳወጣቸው ራሳቸው ተናግረዋልና አልክድም።

ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት በሳን ፍራንሲስኮ አዳራሾች ያንኑ ዕፅ የወሰዱ ሺዎች ነበሩ። «ዳርክ ስታር»ን የተጫወቱት ሰባት ናቸው። ከሰባቱም ፒግፔን ከዚያ ዕፅ የሚርቅ ሰው ነበር፤ የእርሱ ጠላት መጠጥ ነበር፤ በ1973 በሃያ ሰባት ዓመቱ አረፈ። ኮንስታንተንም በዚያ ዘመን ዕፁን አይነካም ነበር። እንግዲህ ሙዚቃውን የሠራው ዕፁ ከሆነ፣ እነዚህ ሁለቱ እጃቸውን ማን አንቀሳቀሰላቸው? ለሰባት ሰዎች ሥራ ምስጋናውን ለአንዲት ጠብታ የሚሰጥ ሰው አድናቂ ነኝ ቢል ሠሪዎቹን ሰድቧል።

*

ሦስተኛው አንቀጽ «ያልተነካው ብቻ እውነተኛ ነው» የሚለው ነው። እዚህ ላይ የራሴ ውርደት ይመጣል።

ተሳፋሪዬ የሰጠኝ ካሴት፣ ኋላ እንደ ተረዳሁት፣ በኖቬምበር 1969 የወጣው «ላይቭ ዴድ» የተባለ አልበም ቅጂ ነበር። በዚያ አልበም ላይ «ሴይንት ስቲቨን» ወደ ማለቂያው ሲደርስ ባንዱ ሳያርፍ ወደ «ዘ ኢለቨን» ይወረወራል። ከሁሉ የምወደው ቦታ ይህ ነበር። በዋሽንግተን አካባቢ ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ምድር ቤት በወር አንድ ጊዜ የግጥም ማታ እናዘጋጅ ነበርና፣ ካሴቱን ይዤ እየሄድሁ ያችን ቦታ አሰማ ነበር። «ስሙ!» እል ነበር፤ «ማንም ለማንም አልነገረም። አንድ ሌሊት፣ አንድ ትንፋሽ። ግጥምም እንዲህ ነው፤ የመጣውን አትንኩት።»

ከዓመታት በኋላ የአልበሙን የቅጂ ቀኖች ዝርዝር አነበብሁ። «ዳርክ ስታር»ና «ሴይንት ስቲቨን» በፌብሩዋሪ 27 ቀን በፊልሞር ዌስት የተቀረጹ ናቸው። «ዘ ኢለቨን» ግን በጃንዋሪ 26 ቀን፣ «አቫሎን» በሚባል ሌላ አዳራሽ የተቀረጸ ነው። የአልበሙ መዝጊያ ደግሞ የማርች 2 ነው። ያ እኔ «አንድ ትንፋሽ» ያልሁት መሸጋገሪያ የሁለት ሌሊትና የሁለት አዳራሽ ቴፕ ነው፤ ያውም የሚቀድመው ሌሊት ከኋላ፣ የሚከተለው ከፊት ሆኖ። ባለ 16 ትራክ መቅረጫ ይዘው ከሌሊት ወደ ሌሊት የቀረጹ፣ ሰምተው የመረጡ፣ የመረጡትንም ስፌቱ እስከማይታይ ድረስ የሰፉ ሰዎች ነበሩ። እኔ ዐሥር ዓመት ሙሉ ስፌቱን እየሳምሁ «ያልተሰፋ ነው» ስል ኖሬአለሁ።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። መሸጋገሪያው ራሱ ሐሰት አልነበረም፤ ባንዱ በመድረክ ላይ በየሌሊቱ ይሠራው ነበር፤ አራቱ የፊልሞር ሌሊቶች ምስክር ናቸው። ግን በየሌሊቱ የሚሠራ መሸጋገሪያ የተጠና መሸጋገሪያ ነው። እንግዲህ በቴፕ መቁረጫው በኩል ብንሄድም፣ በመድረኩ በኩል ብንሄድም የምንደርሰው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ወደ ሥራ።

ይህም የመጀመሪያቸው አልነበረም። በጁላይ 1968 ያወጡት «አንተም ኦፍ ዘ ሰን» የተባለው አልበም ከብዙ ሌሊቶች የተቀረጸ የመድረክ ሙዚቃና የስቱዲዮ ሥራ እየተደራረበ የተሠራ ነው። ይኸውላችሁ፤ «አንዲት ሌሊት አትነካ» የሚለው ሃይማኖት የአድናቂዎች ነው እንጂ የባንዱ አልነበረም። እነርሱ ሌሊቱን እንደ ማዕድን ያዩት ነበር፤ ቆፍረው፣ አበጥረው፣ ወርቁን የሚያወጡበት።

ራሳቸውንም አያመልኩም ነበር። በኤፕሪል 1970 ማይልስ ዴቪስ በዚያው ፊልሞር ዌስት አራት ሌሊት ከእነርሱ ቀድሞ ተጫወተ። ሌሽ ያን ጊዜ ሲያስታውስ ከእንዲህ ያለ ሰው ቀጥሎ መድረክ ላይ መውጣት እንዳሳፈረው ተናግሯል። ሌሽ በኦክቶበር 2024 እስኪያርፍ ድረስ የሚሠራ ሙዚቀኛ ነበር። ማፈር የሚችል ሰው ነው መማር የሚችለው፤ ጥሬነቱን የሚያመልክ ግን ምን ያሳፍረዋል?

*

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ሁሉ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። ቅኔ ቤት አለን። የቅኔ ተማሪ ግስ ያጠናል፤ የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፤ ከዚያም ብቻውን ከዛፍ ሥር ወይም ከሜዳ ወጥቶ ቅኔ ይቆጥራል፤ ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል። ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ቤቱ እየበዛ፣ ዜማው እየረቀቀ ይሄዳል። እንዲህ እያለ ዓመታት ያልፋሉ። በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ቆሞ አዲስ ቅኔ ሲዘርፍ ግን ያን ዓመታት የሚያይ የለም። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምምና የዛሬው አዲስ ነው። የሰማው ሁሉ «ፈለቀለት» ይላል። አዎን፣ ፈልቋል። ምንጩን የቆፈረው ግን ማን ነው?

ጥሬ ሥጋ እንኳ ጥሬ ብቻ አይደለም። ቁርጥ የሚወድ ሰው ያውቃል፤ ብልቱን የሚያውቅ፣ ጅማቱን የሚለይ፣ ቢላዋውን የሳለ እጅ ከሌለ በጥሬነቱ የሚበላ ነገር የለም። «ጥሬ ነው» ብለን ስናወድስ ቆራጩን ረስተናል።

*

«ታዲያ አድናቂ ቢሳሳት ማን ተጎዳ?» ትሉኝ ይሆናል። ልንገራችሁ።

በዚያ በምድር ቤት የግጥም ማታችን አንድ ወጣት ይመጣ ነበር። ስሙን አልጠራም። ቀን በመኪና ማቆሚያ ይሠራል፤ ሌሊት ይጽፋል። ከሁላችን የሚበልጥ ጆሮ ነበረው፤ ቃል ሲያስቀምጥ ቃሉ ለዚያ ቦታ የተፈጠረ ይመስል ነበር። በየወሩ አዲስ ግጥም ያነባል፤ ሁሉም ትናንት ሌሊት የተጻፈ ነው። አንዳንዱ ስንኝ ያበራል፤ ቀጥሎ ያለው አምስት ስንኝ ይንዘላዘላል። አንድ ማታ ደብተሩን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ የትኛውን ላስተካክል?» አለኝ። እኔም ካሴቴን እያሰብሁ «አንዱንም አትንካ፤ ከነካኸው ይሞታል» አልሁት። ደስ አለው፤ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር፣ ለምን ደስ አይለው!

በገዛ ገንዘቡ አንዲት ቀጭን መድበል አሳተመ። ከጓደኞቹ በቀር የገዛት አልነበረም፤ ከገዛትም ደግሞ የደገማት አልነበረም። ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ ሰርግ ላይ አገኘሁትና መጻፉን ጠየቅሁት። ትቶታል። ሳይቆጣ፣ እንዲያውም በአክብሮት እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ያኔ አትንካው ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን፣ ንካው የሚለኝ ሰው ነበር የምፈልገው።»

ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ የገባ የለም። ሥራ ሲጠይቀኝ ምርቃት ሰጥቼ ሸኘሁት። በእጄ የነበረው ካሴት ውስጥ ያሉት ሰዎች የሃያ ዓመቱን ዊርን «አልደረስህም» ሲሉት፣ እኔ በስማቸው ይህን ልጅ «ደርሰሃል» አልሁት። አድናቆት የሚያደንቀውን ነገር ምክንያት ሲስት እንዲህ ሰው ይበላል። ዛሬም በየግጥም መድረኩ «ስሜቱን ነው የጻፈው፣ አትንኩት» የሚል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ያ ልጅ ይመጣብኛል።

*

ሁለት መልሶች እንደሚመጡብኝ አውቃለሁ።

አንደኛው «ልምምድማ የስንቱ ነው፤ ቀንና ሌሊት የሚለማመዱ ደረቆች ሞልተዋል» የሚል ነው። እውነት ነው። ሥራ ብቻውን ያን ሌሊት ያመጣል አላልሁም። ያለ ሥራ አይመጣም ነው ያልሁት። ዝናብ የሚያዘንበው ገበሬው አይደለም፤ ያላረሰ ገበሬ ግን ዝናብ ቢመጣም ጭቃ ነው የሚያገኘው። የፌብሩዋሪ 27 «ዳርክ ስታር» ከሌሎቹ ሦስት ሌሊቶች የተለየበትን ነገር በልምምድ ብዛት አላስረዳም፤ አራቱም ሌሊቶች እኩል ታርሰዋልና። ያ ዝናቡ ነው። እኔ የምከራከረው ስለ ማሳው ነው።

ሁለተኛው የተሳፋሪዬ መልስ ነው፦ «ልምድ ቢሆን ኖሮ በ1995 ከ1969 በበለጡ ነበር።» ይህ ልምድንና ሥራን አንድ ማድረግ ነው። ሠላሳ ዓመት መድረክ ላይ መቆም አንድ ነገር ነው፤ በአሥራ አንድ ምት ላይ ተዘግቶ መውደቅና መነሣት ሌላ ነገር ነው። የታመመ ሰው፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በሞላበት ስታዲየም፣ የሚወደድለትን ሲደግም፣ ያ ዕድሜ ይባላል። የ1969ን ሙዚቃ ከ1995ቱ ያበለጠው ጥሬነቱ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ገና ያልቻሉትን ነገር ይፈልጉ ስለ ነበር ነው። ተሳፋሪዬ ያዘነው በእውነት አዝኖ ነው፤ ነገር ግን የሚያለቅስለትን ሰው ስም ስቶ ነበር።

አድናቂዎች ማድነቃቸውን እንዲተዉ አልጠይቅም። እኔም አልተውሁም። የምጠይቀው ዳግመኛ እንዲሰሙ ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን የሚጫወተውን ሳይሆን ዝም ያለውን እንዲሰሙ ነው። «ዳርክ ስታር» ውስጥ ጋርሲያ ወደ ላይ ሲወጣ ዊር የማይጫወተውን ስሙ። ሌሽ አንድ ድምፅ አስቀምጦ የሚጠብቀውን ስሙ። ሁለቱ ድራመሮች በእጃቸው ያለውን ዱላ የማያወርዱበትን ጊዜ ስሙ። እጅን መያዝ ከማንም ጋር አይወለድም፤ ይማሩታል። ያን ዝምታ የሰማ ሰው ሁለተኛ «ጥሬ» አይልም። ግጥም የሚጽፍም ከሆነ፣ ወደ ደብተሩ ተመልሶ የሚንዘላዘሉትን አምስት ስንኞች ያያቸዋል።

ካሴቱ ዛሬም ከእኔ ጋር አለ። የሚያጫውተው መሣሪያ ከተበላሸ ቆየ፤ ሙዚቃውን በሌላ መንገድ እሰማለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ከመሳቢያዬ አውጥቼ ከ«1969» በታች በብዕር ጨመርሁበት፦ ጃንዋሪ 26፣ ፌብሩዋሪ 27፣ ማርች 2። ሦስት ሌሊት፣ ሁለት አዳራሽ፣ ሰባት ሰዎች፣ ስማቸው የማይነሣ ብዙ የልምምድ ቀናት። ተሳፋሪዬን ዳግመኛ ባገኘው የማሳየው ይህን ነው። ያን ወጣት ባገኘው ግን የማሳየው ነገር የለኝም፤ «ደብተርህን አምጣ፤ አብረን እንንካው» ከማለት በቀር።